የፒቱታሪ አዛዥ ማን ነው? የጄፍሪ ሃሪስ ሕይወትና የአንድ መላምት ፈተና

አህጽሮት

ይህ አጭር ጽሑፍ የእንግሊዛዊውን የአናቶሚና የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ የጄፍሪ ዊንግፊልድ ሃሪስን (1913–1971) ሕይወትና ሥራ ይዳስሳል። ሃሪስ አንጎል የፒቱታሪን የፊት ክፍል የሚያዝዘው በነርቭ ሳይሆን በደም ሥር በሚጓዝ ኬሚካላዊ መልእክት መሆኑን በሙከራ አሳይተዋል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው፤ የሃሪስ ትልቁ አስተዋጽኦ ሐሳቡን ማፍለቃቸው ሳይሆን፣ ሐሳቡ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ሊወድቅባቸው የሚችሉ ፈተናዎችን ማዘጋጀታቸው ነው። በመጨረሻም ሥራቸው በመራቢያ ሥርዓትና በእርጅና ላይ ለሚካሄደው ምርምር ያተረፈው ቅርስ ይታያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መግቢያ

በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ፒቱታሪ የዕጢዎች ሁሉ አለቃ ተደርጎ ይታይ ነበር። ከአንጎል ሥር፣ በራስ ቅል ወለል ላይ በሚገኝ ጠባብ የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ የተቀመጠው ይህ ዕጢ በጎልማሳ ሰው ክብደቱ ግማሽ ግራም ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ከእንስሳ ላይ ሲወገድ እድገት ይቆማል፤ የታይሮይድ ዕጢ ይሟሽሻል፤ የአድሬናል ዕጢ ቅርፊት ይሳሳል፤ የመራቢያ አካላትም ይኮሰምናሉ። አለቃ መባሉ አላግባብ አልነበረም።

ነገር ግን አለቃው ራሱ ለማን ይታዘዛል የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም ነበር። በጎች በዓመት ውስጥ በተወሰነ ወቅት ይራባሉ፤ የወቅቱ ምልክት ደግሞ በዓይን የሚገባው የቀን ብርሃን ርዝመት ነው። ጥንቸል ከተባዕት ጋር ካልተገናኘች እንቁላል አትለቅም። ብርሃንም ሆነ ግንኙነት በቅድሚያ የሚደርሱት ለነርቭ ሥርዓት ነው። ታዲያ አንጎል ያየውንና የተሰማውን ነገር ፒቱታሪ እንዴት ያውቃል? የጄፍሪ ሃሪስ የሥራ ዘመን ከሞላ ጎደል ይህን አንድ ጥያቄ ለመመለስ የዋለ ነው።

ትምህርትና የጥያቄው መነሻ

ሃሪስ በ1913 ለንደን ውስጥ ተወለዱ። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤማኑኤል ኮሌጅ ገብተው የሕክምናን መሠረታዊ ሳይንሶች ከተማሩ በኋላ፣ የሐኪምነት ሥልጠናቸውን በለንደኑ ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል አጠናቀዋል። አቅጣጫቸውን የወሰነው ግን በካምብሪጅ ያገኟቸው መምህር፣ የመራቢያ ፊዚዮሎጂ ሊቅ የነበሩት ፍራንሲስ ማርሻል ናቸው። ማርሻል የእንስሳትን የመራቢያ ወቅት ከብርሃን፣ ከሙቀትና ከሌሎች የውጭ ሁኔታዎች ጋር የሚያያይዙ መረጃዎችን ለበርካታ ዓመታት ሲያሰባስቡ ኖረዋል። ከሰሜኑ የምድር ክፍል ወደ ደቡቡ የተወሰዱ በጎች የመራቢያ ወቅታቸውን ከአዲሱ አገር ወቅት ጋር ማስተካከላቸው ከነዚህ አንዱ ነው። ከዚህ ተነሥተው ማርሻል የውጭው ዓለም ምልክት በነርቭ ሥርዓት በኩል ወደ ፒቱታሪ፣ ከፒቱታሪም ወደ መራቢያ አካላት እንደሚያልፍ ደምድመዋል። መተላለፊያው መንገድ ግን አልታወቀም ነበር።

ለጥያቄው አመቺ የሆነችው እንስሳ ጥንቸል ሆና ተገኘች። ጥንቸል ከተገናኘች ከአሥር ሰዓት ገደማ በኋላ እንቁላል ትለቃለች። ፊ እና ፓርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1929 ባሳተሙት ሥራ፣ ከግንኙነቱ በኋላ ወዲያውኑ ፒቱታሪዋ ከተወገደ እንቁላል እንደማትለቅ፣ ቆይቶ ከተወገደ ግን እንደምትለቅ አሳይተዋል። ይህም ማለት ዕጢው በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ትእዛዝ ተቀብሎ ሆርሞኑን ይረጫል ማለት ነው። ማርሻልና የሥራ ባልደረባቸው ቨርኒ ደግሞ በ1936 በጥንቸል አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት በማሳለፍ ብቻ፣ ያለ ተባዕት፣ እንቁላል ማስለቀቅ ችለዋል።

ወጣቱ ሃሪስ ሥራውን የጀመሩት ከዚህ ነው። ጅረቱ በመላው አንጎል ከሚያልፍ ይልቅ በአንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ቢያርፍስ? በ1937 በሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሃይፖታላመስና በፒቱታሪ አካባቢ ኤሌክትሮድ አስገብተው በማነቃቃት ጥንቸሎች እንቁላል እንዲለቁ ማድረጋቸውን አሳወቁ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 24 ዓመት ነበር። ሙከራው የትእዛዙን መነሻ ስፍራ ጠቆመ፤ ትእዛዙ ከሃይፖታላመስ ወደ ዕጢው በምን እንደሚደርስ ግን አልመለሰም።

ነርቭ ወይስ ደም?

ፒቱታሪ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት። የኋለኛው ክፍል የአንጎል ተቀጥላ ስለሆነ ከሃይፖታላመስ በሚመጡ የነርቭ ክሮች የተሞላ ነው። የመራቢያ አካላትን፣ ታይሮይድንና አድሬናልን የሚያነቃቁ ሆርሞኖች የሚመረቱበት የፊት ክፍል ግን የነርቭ ክር የለውም ለማለት የሚያስደፍር ሁኔታ ይታይበታል። ስለዚህ የፊቱን ክፍል አንጎል በነርቭ ያዝዘዋል የሚለው አሳብ ከአናቶሚ ጋር አልጣጣም አለ።

ሌላው አማራጭ የደም ሥር ነበር። ሮማንያዊው ግሪጎሬ ፖፓ እና አውስትራሊያዊቷ ኡና ፊልዲንግ በ1930 ለንደን ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በሃይፖታላመስ ወለልና በፒቱታሪ መካከል በዘንጉ በኩል የሚያልፉ ልዩ የደም ሥሮች መኖራቸውን ገለጹ። እነዚህ ሥሮች በሁለቱም ጫፎቻቸው ወደ ቀጫጭን የደም ሥሮች መረብ የሚበተኑ በመሆናቸው፣ በጉበት እንዳለው ሁሉ የፖርታል ሥርዓት ተባሉ። ይሁን እንጂ ሁለቱ ተመራማሪዎች ደሙ ከዕጢው ወደ አንጎል ሽቅብ ይፈስሳል ብለው ነበር የተረጎሙት። ፍሰቱ ሽቅብ ከሆነ ደግሞ አንጎል በዚህ መንገድ ለዕጢው መልእክት ሊልክ አይችልም።

በአርጀንቲና በርናርዶ ሁሳይና ባልደረቦቻቸው በ1935 በሕያው ጉርጥ ላይ ፍሰቱ ቁልቁል፣ ማለትም ከአንጎል ወደ ዕጢው መሆኑን ተመለከቱ። በአሜሪካ ዊስሎኪ እና ኪንግ በዝንጀሮ የአካል ቁራጮች ላይ ባደረጉት ጥናት እዚሁ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ሆኖም በሕያው አጥቢ እንስሳ ላይ በዓይኑ ያየ አልነበረም። ሃሪስ ከጆን ግሪን ጋር በ1947 የብዙ አጥቢ እንስሳትን የደም ሥሮች አነጻጽረው ካሳተሙ በኋላ፣ በ1949 የሕያው አይጥ የፒቱታሪ ዘንግ ተገልጦ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደሙ ከሃይፖታላመስ ወደ ዕጢው እንደሚወርድ አረጋገጡ። ይህ ምልከታ መልእክት መኖሩን ባያረጋግጥም፣ መልእክት ቢኖር የሚጓዝበት መንገድ መኖሩን አረጋገጠ።

በነቃ እንስሳ ላይ የተደረገ ሙከራ

የ1937ቱ ሙከራ አንድ ጉልህ ድክመት ነበረው። የኤሌክትሪክ ጅረት በደነዘዘ እንስሳ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ቀዶ ጥገና ሲሰጥ፣ ከታለመለት ቦታ አልፎ ወደ ዕጢው ራሱ መድረሱን ማስተባበል አይቻልም። ሃሪስ ለዚህ መላ አበጁ። በጥንቸሏ ራስ ቆዳ ሥር አነስተኛ የሽቦ ጥቅል ቀብረው፣ ከጥቅሉ የሚወጣውን ኤሌክትሮድ ወደ ተመረጠው የአንጎል ክፍል አስገቡ። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጥንቸሏ በውጭ በሚፈጠር የኤሌክትሮማግኔት መስክ ውስጥ ስትቀመጥ፣ በቆዳዋ ሥር ያለው ጥቅል ጅረት ያመነጫል። እንስሳዋ ሳትታሰር፣ ሳትደነዝዝና ከውጭ ሽቦ ጋር ሳትያያዝ ትነቃቃለች።

በ1948 የታተመው ውጤት ግልጽ ነበር። የሃይፖታላመስ ወለል ለጥቂት ደቂቃዎች ሲነቃቃ ጥንቸሎች እንቁላል ለቀቁ። ኤሌክትሮዱ በፒቱታሪው በራሱ ላይ ሲያርፍ ግን፣ ማነቃቃቱ ለረጅም ሰዓት ቢቀጥልም እንቁላል አልለቀቁም። ዕጢው እንደ ጡንቻ በቀጥታ በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ትእዛዙ በዕጢው ውስጥ ባሉ የነርቭ ክሮች የሚደርስ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ያላነሰ ውጤት ማሳየት ነበረበት። ኤሌክትሪክ የሚነካው አንጎልን ነው፤ ዕጢውን የሚነካው ከዚያ የሚመጣ ሌላ ነገር ነው።

የተቆረጠው ዘንግ

የሃሪስን አካሄድ ከሌሎች የሚለየው ቀጥሎ የመጣው ሥራ ነው። ፒቱታሪን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ቢቆረጥ የመራቢያ ሥራ ይቆማል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በፊት በብዙ ቤተ ሙከራዎች ተሞክሮ ነበር። ውጤቶቹ ግን እርስ በርሳቸው ይጋጩ ነበር። አንዳንዶቹ ይቆማል አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ዘንጉ ተቆርጦም እንስሳቱ መደበኛ ዑደት እንደቀጠሉ፣ እንዲያውም እንደወለዱ ዘገቡ። ይህን በመሰለ ሁኔታ ተመራማሪ ብዙውን ጊዜ የሚስማማውን ጥናት ይዞ የማይስማማውን ወደ ጎን ይተዋል።

ሃሪስ ሁለቱም ወገኖች ያዩትን ነገር በትክክል እንዳዩ ተቀብለው፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ጠየቁ። በ1950 በአይጦች ላይ ባሳተሙት ጥናት መልሱ ተገኘ። ነርቭ ሲቆረጥ መልሶ ማደጉ አዝጋሚና ያልተሟላ ሲሆን፣ የፖርታል የደም ሥሮች ግን በቁስሉ ላይ ተሻግረው በቀናት ውስጥ እንደገና ይያያዛሉ። ስለዚህ ዘንጉ ተቆርጧል ማለት ግንኙነቱ ተቋርጧል ማለት አይደለም። ሃሪስ በተቆረጡት ሁለት ጫፎች መካከል ትንሽ የወረቀት ግድግዳ አስገብተው ሥሮቹ እንዳይገናኙ ሲያደርጉ ዑደቱ ቆመ። ግድግዳ ሳይገባ ሲቀር ወይም ሥሮቹ በግድግዳው ዳር ዞረው ሲገናኙ ዑደቱ ተመለሰ። የተመለሰው የመራቢያ ሥራ መጠን እንደገና ከበቀሉት የደም ሥሮች መጠን ጋር ይመጣጠን ነበር። ለዓመታት ተቃራኒ የሚመስሉ ዘገባዎች በአንድ ማብራሪያ ሥር ገቡ።

ከዶራ ያኮብሶን ጋር የተደረገው ንቅለ ተከላ

አንድ ተቃውሞ ግን ቀርቶ ነበር። የደም ሥሩ ሲቋረጥ ዕጢው ሥራ ያቆመው መልእክት ስላጣ ነው ወይስ ምግብና ኦክስጅን አጥቶ ስለተጎዳ? ይህን ለመለየት ሃሪስ ከዶራ ያኮብሶን ጋር ሠሩ። ያኮብሶን ከናዚ ጀርመን ተሰደው በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ የተጠለሉ አይሁዳዊት ተመራማሪ ሲሆኑ፣ ከሃሪስ ጋር ከመገናኘታቸው በፊት ጀምሮ በፒቱታሪ ዘንግ ላይ የሚደረግ ቀዶ ጥገናን የተካኑ ነበሩ።

በ1952 የታተመው ጥናታቸው አወቃቀር ቀላልና ጠንካራ ነው። የሴት አይጦች ፒቱታሪ ተወገደ። ከዚያም ከሌሎች አይጦች የተወሰደ የፒቱታሪ ሕብረ ሕዋስ ተተከለላቸው፤ ለአንደኛው ቡድን በቀጥታ ከሃይፖታላመስ ወለል ሥር፣ ለማነጻጸሪያው ቡድን ደግሞ ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ ከቴምፖራል ሎብ ሥር። በሁለቱም ቦታዎች ንቅለ ተከላው ደም አገኘ። በሃይፖታላመስ ሥር የተተከለው ግን በፖርታል ሥሮች በኩል የሚወርድ ደም ሲያገኝ፣ ሌላው ያገኘው ከአካባቢው ሥሮች ነው። የመጀመሪያዎቹ አይጦች ዑደታቸው ተመለሰ፤ ጸንሰው የወለዱም ነበሩ። የሁለተኛዎቹ መራቢያ አካላት እንደኮሰመኑ ቀሩ። ደም ማግኘት ብቻ አልበቃም፤ ደሙ በአንጎል በኩል አልፎ የመጣ መሆን ነበረበት።

ከዚህም የሚያስገርመው፣ ከወንድ አይጥ የተወሰደ ፒቱታሪ በሴት ሃይፖታላመስ ሥር ሲተከል የሴትን ዑደት ማስኬድ መቻሉ ነው። ዕጢው ወንድ ወይም ሴት አልነበረም፤ የታዘዘውን የሚሠራ ነበር። ይህ ግኝት ከአሥር ዓመት በኋላ ሃሪስ ወደሚመለሱበት ጥያቄ በር ከፈተ።

የፌረቶቹ ክርክር

በዚሁ ዓመት ሃሪስ ካምብሪጅን ለቀው በለንደን ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ተቋም የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኑ። በ1953 የሮያል ሶሳይቲ አባል ተደርገው ተመረጡ። በዚያው ዓመት ግን መላምታቸው ከባድ ተቃውሞ ገጠመው። ተቃዋሚው ተራ ሰው አልነበሩም፤ በበርሚንግሃም የአናቶሚ ፕሮፌሰር፣ በኋላም የብሪታንያ መንግሥት ዋና የሳይንስ አማካሪ የሆኑት ሶሊ ዙከርማን ናቸው።

ፌረት የምትባለው ሸለምጥማጥ መሰል እንስሳ በክረምት ተጨማሪ ብርሃን ስታገኝ ከወቅቷ ቀድማ ድራት ላይ ትመጣለች። ቶምሰንና ዙከርማን የፒቱታሪ ዘንጓ የተቆረጠ፣ የፖርታል ሥሮቿም ሙሉ በሙሉ የተቋረጡ ፌረት ለብርሃን ምላሽ ሰጥታ ድራት ላይ እንደመጣች በኔቸር መጽሔት አሳወቁ። ዙከርማን ያነሡት ነጥብ በሥነ አመክንዮ ረገድ እንከን አልነበረውም። የደም ሥሮቹ የግድ አስፈላጊ ናቸው ከተባለ፣ ሥሮቹ ሳይኖሩ ምላሽ የሰጠች አንዲት እንስሳ ብቻ መላምቱን ለመጣል ትበቃለች። መቶ ደጋፊ ሙከራ ቢደረደርም ያችን አንዲት እንስሳ አያስተባብልም።

ሃሪስ ይህን አመክንዮ አልካዱም። ጥያቄያቸው ስለ እውነታው ነበር፤ ሥሮቹ በእርግጥ ተቋርጠው ነበር ወይ? ከበርናርድ ዶኖቫን ጋር ሙከራውን በፌረቶች ላይ ደገሙት። የእያንዳንዷን እንስሳ የደም ሥሮች ቀለም በማስገባት ሞሉ፤ አካባቢውንም በተከታታይ ስስ ቁራጮች ከፍለው መረመሩ። በ1954 እና በ1956 ያሳተሙት ውጤት እንደሚያሳየው፣ ድራት ላይ የመጡት ፌረቶች የፖርታል ሥሮቻቸው መልሰው የበቀሉላቸው ሲሆኑ፣ ግድግዳው በትክክል ያገዳቸው ግን ለብርሃን ምላሽ አልሰጡም። ጥቂት ቀጫጭን ሥሮች እንኳ ከተሻገሩ ለምላሹ ሊበቁ ስለሚችሉ፣ ሥር የለም ብሎ ለመናገር መላውን ስፍራ ሳያጓድሉ መመርመር ያስፈልጋል።

ዙከርማን በዚህ አልተረቱም፤ ጥርጣሬያቸውንም ለረጅም ጊዜ ይዘው ቆይተዋል። ይሁንና ጉዳዩ ለብዙዎቹ ተመራማሪዎች የለየለት በሌላ እጅ በተሠራ ሙከራ ነው። በአሜሪካ ሚሮስላቫ ኒኪቶቪች ዋይነር እና ጆን ኤቨረት የአይጥን ፒቱታሪ ወደ ኩላሊት ሽፋን ሥር አዛወሩ፤ በዚያ ቦታ የመራቢያ ሥራው ቆመ። ከሳምንታት በኋላ ያንኑ ዕጢ መልሰው ከሃይፖታላመስ ሥር ሲተክሉት ሥራው ተመለሰ። በ1958 የታተመው ይህ ሥራ ዕጢው በቦታ ለውጡ ሞቶ ነበር የሚለውን ተቃውሞ ዘጋ። የሞተ ሕብረ ሕዋስ ቦታ ስለተለወጠለት አይነሣምና።

በመካከሉ ሃሪስ በ1955 የፒቱታሪን በነርቭ መታዘዝ የሚመለከት መጽሐፋቸውን አሳተሙ። መጽሐፉ የተበታተኑ መረጃዎችን በአንድ ክር አያይዞ ስላቀረበ ለአዲሱ የጥናት ዘርፍ፣ ለኒውሮኢንዶክራይኖሎጂ፣ እንደ መሠረት ድንጋይ ተቆጥሯል።

የአንጎል ጾታ

በ1962 ሃሪስ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተር ሊ የአናቶሚ ፕሮፌሰርነት መንበር ተሰጣቸው። በዚህ ወቅት ወደ ወንድና ሴት ፒቱታሪ ጥያቄ ተመለሱ። ፋይፈር የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1936 እንዳሳዩት፣ አዲስ የተወለደች ሴት አይጥ የወንድ የዘር ፍሬ ቢተከልባት ካደገች በኋላ መደበኛ ዑደት አይኖራትም። ፋይፈር ምክንያቱ የፒቱታሪ ጾታ መለወጥ ነው ብለው ነበር። የ1952ቱ ንቅለ ተከላ ግን ዕጢው ጾታ እንደሌለው ስላሳየ፣ ለውጡ የደረሰው በአንጎል ላይ መሆን አለበት።

ሃሪስና ሲሞር ሌቪን ይህን በሙከራ አጠናከሩ። በተወለደች በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ጊዜ ቴስቶስትሮን የተወጋች ሴት አይጥ ካደገች በኋላ እንቁላል አትለቅም፤ ያለማቋረጥ በድራት ምልክት ላይ ትቆያለች። በተወለደ ጊዜ የዘር ፍሬው የተወገደ ወንድ አይጥ ደግሞ ኋላ የእንቁላል ዕጢ ሲተከልበት፣ ዑደታዊውን ትእዛዝ የመስጠት ችሎታ እንዳለው ያሳያል። በሕይወት መጀመሪያ የነበረ አጭር የሆርሞን ንክኪ በአንጎል ላይ የዕድሜ ልክ ምልክት ይተዋል ማለት ነው። ከሃሪስ ሥራዎች ሁሉ ከእርጅና ጥናት ጋር በቅርብ የተሳሰረው ይህ ነው፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይታያል።

ያልተያዘው ንጥረ ነገር

መልእክቱ በደም የሚጓዝ ከሆነ ንጥረ ነገሩ ተለይቶ መውጣት ነበረበት። የሃሪስ ቡድን ከሃይፖታላመስ ወለል የተገኘ ጭማቂ ወደ ጥንቸል ፒቱታሪ ሲገባ እንቁላል እንደሚያስለቅቅ አሳይቷል፤ ንጥረ ነገሩን ለማጥራትም ለዓመታት ጥሯል። ሥራው ግን እጅግ ብዙ ጥሬ ዕቃ የሚጠይቅ ነበር። በአሜሪካ የሮጀር ጊየማንና የአንድሩ ሻሊ ቡድኖች በቄራዎች የተሰበሰቡ እጅግ በርካታ የበግና የአሳማ ሃይፖታላመሶችን ይዘው ይፎካከሩ ነበር። በ1969 ታይሮይድን የሚያዝዘው ንጥረ ነገር መዋቅር ታወቀ። በ1971 ደግሞ የሻሊ ቡድን የመራቢያ ሆርሞኖችን የሚያስለቅቀውን፣ ዛሬ ጂኤንአርኤች በመባል የሚታወቀውን፣ ከአሥር አሚኖ አሲዶች የተሠራ ፔፕታይድ መዋቅር አሳወቀ።

ሃሪስ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር መጨረሻ በ58 ዓመታቸው አረፉ። የሚፈልጉት ንጥረ ነገር መገኘቱን ለማወቅ ደርሰዋል፤ ያገኙት ግን እርሳቸው አልነበሩም። በ1977 ጊየማንና ሻሊ፣ የሆርሞን መለኪያ ዘዴን ከፈለሰፉት ሮዛሊን ያሎ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ሽልማቱ ለሙታን ስለማይሰጥ የሃሪስ ስም በዝርዝሩ ውስጥ አልገባም።

ለእርጅና ጥናት የተረፈው ቅርስ

ሴት አይጥ ስታረጅ ዑደቷ ይዛባል፤ ብዙዎቹም በሕይወት መጀመሪያ ቴስቶስትሮን እንደተወጉት አይጦች እንቁላል ሳይለቁ በማያቋርጥ የድራት ምልክት ላይ ይቆያሉ። ያረጀው ምንድን ነው? የእንቁላል ዕጢው፣ ፒቱታሪው ወይስ አንጎሉ? ይህን ለመለየት የተሠራባቸው መሣሪያዎች የሃሪስ ነበሩ። በ1969 በአሜሪካ የጆሴፍ ማይትስ ቡድን የአሮጊት አይጦችን አንጎል በኤሌክትሪክና በመድኃኒት በማነቃቃት እንደገና እንቁላል እንዲለቁ አደረገ። በ1972 ደግሞ ፔንግ እና ሁዋንግ በታይዋን ባደረጉት የንቅለ ተከላ ጥናት፣ የአሮጊት አይጥ የእንቁላል ዕጢም ሆነ ፒቱታሪ በወጣት አይጥ ውስጥ ሲተከል ሥራውን መልሶ ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ። ስለዚህ ቢያንስ በአይጥ የመራቢያ እርጅና በከፊል የአንጎል እርጅና ነው።

ይህን ውጤት በቀጥታ ወደ ሰው መውሰድ ግን ስሕተት ነው። በሴቶች ማረጥ የሚመጣው በዋነኛነት በእንቁላል ዕጢ ውስጥ ያሉት የእንቁላል ከረጢቶች ተሟጥጠው ስለሚያልቁ ነው። የፒቱታሪ ሆርሞኖች ከማረጥ በኋላ እጅግ ከፍ ማለታቸው አንጎሉና ዕጢው አሁንም እያዘዙ፣ ተቀባዩ ግን መመለስ እንዳቃተው ያሳያል። ሆኖም አንጎል ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለም። በማረጥ ጊዜ የሚሰማው ድንገተኛ የሙቀት ስሜት ከሃይፖታላመስ የነርቭ ሕዋሳት ከመጠን በላይ መነቃቃት ጋር መያያዙ ታውቋል፤ እነዚህን ሕዋሳት የሚያረጋጋ ፌዞሊኔታንት የተባለ መድኃኒትም በ2023 በአሜሪካ ለአገልግሎት ተፈቅዷል።

ከሃሪስ በኋላ የታየው ሌላው ጉዳይ የመልእክቱ አላላክ ነው። ኤርንስት ኖቢልና ባልደረቦቻቸው በ1978 እንዳሳዩት፣ ጂኤንአርኤች በየሰዓቱ በአጭር ምት ሲሰጥ ፒቱታሪ ይሠራል፤ ያለማቋረጥ ሲሰጥ ግን ዕጢው መልስ መስጠት ያቆማል። ዛሬ የንጥረ ነገሩ አምሳያ መድኃኒቶች ለፕሮስቴት ካንሰርና ያለጊዜው ለሚመጣ ጉርምስና ሕክምና የሚውሉት ይህንኑ የማቆም ባሕርይ በመጠቀም ነው።

ማጠቃለያ

የሃሪስ መላምት በሁሉም ዝርዝሩ እንደቀረበ አልቀረም። ፕሮላክቲን የተባለው የፒቱታሪ ሆርሞን ዕጢው ከአንጎል ሲነጠል እንደሌሎቹ አይቀንስም፤ ይልቁንም ይጨምራል። አንጎል ይህን ሆርሞን በዋነኛነት የሚቆጣጠረው በማነሣሣት ሳይሆን በመግታት ነው። ይህ የሃሪስን መንገድ አላፈረሰም፤ በዚያው የደም ሥር የሚወርደው መልእክት የሚያነሣሣም የሚገታም ሊሆን እንደሚችል አስተማረ።

አንጎል በደም ሥር በኩል መልእክት ይልካል የሚለው ግምት ከሃሪስ ውጭም በ1930ዎቹ በሌሎች ተመራማሪዎች ተነሥቶ ነበር። ለሃሪስ የሚቀረው ድርሻ ግምቱን ለፈተና ማቅረባቸው ነው። የነቃችው ጥንቸል፣ የወረቀቱ ግድግዳ፣ በሁለት ቦታ የተደረገው ንቅለ ተከላና የፌረቶቹ የደም ሥር ምርመራ እያንዳንዳቸው መላምቱ ሊወድቅባቸው ይችል የነበሩ ፈተናዎች ናቸው። በዶክትሬት ሥራ ላይ ላለ ተመራማሪም ከዚህ የሚወሰድ ተግባራዊ ትምህርት አለ። እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ዘገባዎች ሲያጋጥሙ ከመምረጥ በፊት፣ ተደረገ የተባለው ነገር በእያንዳንዱ እንስሳ ላይ በእርግጥ መደረጉን ማጣራት ያስፈልጋል። ለሃሪስ ዘንጉ ተቆርጧል የሚለው የማስታወሻ ደብተር ቃል ማስረጃ አልነበረም፤ ማስረጃው በቁራጮቹ ላይ በማይክሮስኮፕ የታየው ነው።